ኮፐርና ናይትሪክ አሲድ ባላንስ አልሆን ላለሽ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ኮፐርን ከዳይሉት (በውኃ ከቀጠነ) ናይትሪክ አሲድ ጋር ባላንስ አድርጌ የኮኤፊሸንቶቹን ድምር ስሠራ መልሴ ከምርጫው ውስጥ የለም፤ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» የሚል ነው። በላክሽው ፎቶ ላይ ኮኤፊሸንቶቹን (ከፎርሙላዎቹ ፊት የሚቆሙትን ቁጥሮች) 3 ኮፐር፣ 6 አሲድ፣ 3 ኮፐር ናይትሬት፣ 2 ናይትሪክ ኦክሳይድና 3 ውኃ ጽፈሽ ድምሩን 17 ብለሻል። መልሱ 20 ነው። አተም መቁጠር እንደምትችይ ከጽሑፍሽ ስለሚታይ እሱን እዘለዋለሁ።

1. ከኦክስጅን አትጀምሪ። ኦክስጅን በአንድ ኢኩዌሽን ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ስለሚገኝ አንዱን ስታስተካክይ ሌላው ይፈርሳል። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ቦታ ብቻ ካለው ኤለመንት ጀምሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሜታሉ ነው። ሃይድሮጅን ቀጥሎ፣ ኦክስጅን መጨረሻ። ለብቻው የቆመ ኤለመንት ካለ ደግሞ፣ ሜታልም ቢሆን፣ የመጨረሻው እሱ ይሁን፤ የሱን ቁጥር ብትቀይሪ ሌላ የሚነካው የለም።

2. ግማሽ ቁጥር ቢመጣብሽ አትደንግጪ። ቡታጋዝ ውስጥ ያለው ቡቴን 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። ሲቃጠል 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውኃ ይሰጣል፤ በቀኝ በኩል ያለው ኦክስጅን 8 ሲደመር 5፣ 13 አተም ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ሁለት አተም ስለሆነ 6.5 ይመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ 6.5ን ብቻ ወደ 13 ይለውጥና ሌላውን ባለበት ይተወዋል። በ2 የሚባዛው ሁሉም ነው፦ 2 ቡቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውኃ። ቁጥሩ አልገጥም ሲል ደግሞ ከፎርሙላው ሥር ያለችውን ትንሿን ቁጥር የሚነካ አለ። ውኃ ላይ አንድ ኦክስጅን ስትጨምሪ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ሌላ ንጥረ ነገር ጻፍሽ ማለት ነው እንጂ ባላንስ አላደረግሽም።

3. «ናይትሬትንና ሰልፌትን እንደ አንድ ቁራጭ ቁጠሪ» የሚለው ምክር። አንቺን የጣለሽ ይሄ ነው። ናይትሬት 1 ናይትሮጅንና 3 ኦክስጅን፣ ሰልፌት ደግሞ 1 ሰልፈርና 4 ኦክስጅን የተያያዙበት ቁራጭ ነው። ምክሩ በራሱ ልክ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት ከካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሰልፌቱ ሳይፈርስ ካንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ስለዚህ 1 አሉሚኒየም ሰልፌት + 3 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ → 2 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ + 3 ካልሲየም ሰልፌት ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ይቻላል። የሚያናድደኝ ግን ይህን ምክር በየሃንድአውቱ አሽጎ «ቁራጩ ካልፈረሰ ብቻ» የሚለውን አለመጻፍ ነው። በዚህች በጎደለች አንዲት ሐረግ ምክንያት ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር ይወድቃል።

በኮፐሩ ጥያቄ ናይትሬቱ ሁለት ዕጣ አለው። ከፊሉ እንዳለ ከኮፐር ጋር ይቀራል፤ ከፊሉ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ይፈርስና ናይትሪክ ኦክሳይድ ሆኖ በጋዝ ይወጣል። አንቺ ከኮፐር ጋር የቀረውን ብቻ ቆጥረሽ 6 አልሽ። ናይትሮጅንሽን ብታዪው በግራ 6፣ በቀኝ 8 ነው። ኦክስጅንሽም በግራ 18፣ በቀኝ 23 ነው።

እንዲህ አድርጊው። የኮፐር ኦክሲዴሽን ነምበር (አተሙ ላይ የሚታሰበው ቻርጅ) ከ0 ወደ +2 ሲሄድ ኮፐሩ 2 ኤሌክትሮን ይሰጣል። የሚፈርሰው ናይትሮጅን ከ+5 ወደ +2 ሲወርድ 3 ይቀበላል። የተሰጠውና የተቀበለው እኩል እንዲሆን 6 ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ 3 ኮፐርና 2 ናይትሪክ ኦክሳይድ። ለ2ቱ ጋዝ 2 አሲድ ሄደ። 3ቱ ኮፐር ደግሞ እያንዳንዱ ሁለት ናይትሬት ስለሚፈልግ 6 አሲድ ይጨመራል። ጠቅላላው 8። 8 ሃይድሮጅን 4 ውኃ ይሠራል።

3 ኮፐር + 8 ናይትሪክ አሲድ → 3 ኮፐር ናይትሬት + 2 ናይትሪክ ኦክሳይድ + 4 ውኃ

ኦክስጅንን እስካሁን አልነካነውም፤ ስለዚህ ማረጋገጫ እናድርገው። በግራ 24፣ በቀኝ 18 ሲደመር 2 ሲደመር 4፣ 24።

ኦክሲዴሽን ነምበር ከረሳሽ በአልጀብራም ይወጣል። ኮኤፊሸንቶቹን በተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በያቸው። ከኮፐር ሀ=ሐ፣ ከሃይድሮጅን ለ=2ሠ፣ ከናይትሮጅን ለ=2ሐ+መ፣ ከኦክስጅን 3ለ=6ሐ+መ+ሠ። የናይትሮጅኑን በ3 አባዝተሽ ከኦክስጅኑ ጋር ስታስተያዪው ሠ=2መ ይወጣል። መ=1 ብትይ ሠ=2፣ ለ=4፣ ሐ=1.5፤ ሁሉንም በ2 ስታባዢ 3፣ 8፣ 3፣ 2፣ 4። ይረዝማል፣ ግን አይከዳም።

ስህተቱ ድምሩ ላይ ብቻ አይቆምም። ጥያቄው «19.05 ግራም ኮፐር ለማሟሟት ስንት ሚሊ ሊትር የ2 ሞላር (በሊትር 2 ሞል ያለው) አሲድ ያስፈልጋል?» ቢል ኮፐሩ 0.3 ሞል ነው። በትክክለኛው ኢኩዌሽን 0.8 ሞል አሲድ፣ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ6 ከሠራሽው 300 ይመጣልና ያንን ቁጥር ምርጫው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ጥያቄ አውጪው ይህን ስህተት ያውቀዋል።

«ዳይሉት» የምትለዋን ቃልም አስምሪባት። አሲዱ ኮንሰንትሬትድ (ያልቀጠነ) ከሆነ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ናይትሮጅኑ ወደ +4 ብቻ ስለሚወርድ 1 ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ኢኩዌሽኑም 1 ኮፐር + 4 አሲድ → 1 ኮፐር ናይትሬት + 2 ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ + 2 ውኃ፣ ድምሩ 10 ይሆናል። ቡናማ ጭስ ታየ ስለተባለ ብቻ ኮንሰንትሬትድ ነው አትበይ፤ ቀለም የሌለው ናይትሪክ ኦክሳይድም አየር ሲነካው ቡናማ ይሆናል።

በአዮን መልክ ከጠየቁሽ ደግሞ አተም ቆጥረሽ አትተዪው፣ ቻርጁንም ደምሪ። አንድ ኮፐር ከአንድ የብር አዮን ጋር ብትጽፊ አተሙ ልክ ይመስላል፤ ቻርጁ ግን በግራ +1፣ በቀኝ +2 ነው፣ ስለዚህ ብሩ 2 መሆን አለበት። ያንቺው ጥያቄ በአዮን ሲጻፍ 3 ኮፐር፣ 8 የሃይድሮጅን አዮንና 2 ናይትሬት በግራ ነው፤ 8 ሲቀነስ 2፣ +6። በቀኝ 3 ኮፐር አዮን እያንዳንዱ +2፣ ያው +6። የቀሩት 6 ናይትሬቶች በሁለቱም በኩል ስላሉ ተሰርዘዋል፤ ስለዚህ በአዮን ሲሆን ድምሩ 22 ነው እንጂ 20 አይደለም። ምርጫው ውስጥ ሁለቱም ካሉ ጥያቄው የትኛውን መልክ እንደጠየቀ ተመልሰሽ አንብቢ።