የጀርመን ሸፐርድ ወይስ የጎረቤት ቡችላ? ለመንዝ በግ አርቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምኖረው በመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ ሣር ወዲህ ነው። ሠላሳ ሁለት በግ፣ ሁለት ላምና አንድ አህያ አለኝ። የነበረኝ ውሻ አርጅቶ ሞተ። እሱ ከሞተ ወዲህ ሦስት ግልገል በቀን ብርሃን ከሜዳ ተወሰደብኝ፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ጅብ የጉረኖውን ካብ ንዶ እናት በግ በላብኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ «የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ገዝቼ ልላክልህ» ይለኛል። ባለቤቴ የጎረቤታችን ውሻ ስለወለደች ከዚያ አንዱን እናሳድግ ትላለች። ቤታችን የአራት ዓመት የልጅ ልጅ አለችን፤ በጎቹን የሚያግደው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። የትኛው ይበጀናል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። የጎረቤትዎን ቡችላ ያሳድጉ። ምክንያቱን ግን ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱ ካልታወቀ የጎረቤት ቡችላም ቢሆን ተበላሽቶ ያድጋልና።

ልጅዎ ለእርስዎ አስቦ ያመጣው ሐሳብ ስለሆነ እንዲሁ አልጥለውም። የጀርመን ሸፐርድ በእርግጥም የበግ ውሻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የዘሩን ማኅበር ሲያቋቁም የፈለገው ቀኑን ሙሉ ሳይሰለች በግ የሚነዳ ውሻ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በግ መንዳትና በግ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ነጂው ውሻ ዓይኑ ከእረኛው አይነቀልም፤ ትእዛዝ እየተቀበለ በጎቹን ይከባል፣ ያሯሩጣል፣ ከማሳ ድንበር ይመልሳል። ጠባቂው ግን አያሯሩጥም። ከመንጋው ጋር ይተኛል፣ ከመንጋው ጋር ይነሣል፤ እንግዳ ነገር ሲመጣ በመንጋውና በመጣው መካከል ገብቶ ይጮኻል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው። ነጂ ውሻ የሚያዘው ሰው ካጣ ለራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ግልገል ማሳደድ ነው።

ከዓመታት በፊት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ አርቢ ግቢ ውስጥ የሚያምር ጀርመን ሸፐርድ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ አየሁ። አንገቱ ዙሪያውን ጸጉሩ ተመልጦ ቆዳው ቆስሏል፤ ሲዞርበት የሚውለው መሬት ሣር እንኳ አያበቅልም። ለምን እንደታሰረ ስጠይቅ ሁለት ግልገል ስለገደለ ነው አሉኝ። ውሻው በር ላይ ታስሮ ይጮኻል፣ በጎቹ ማዶ ያለ ጠባቂ ይግጣሉ። ያ እንስሳ ምንም አላጠፋም፤ ያለ ሥራው የተመደበ ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳዝነኛል።

ቀለቡም ቀላል አይደለም። ወንዱ ጀርመን ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ የአገራችን ውሻ ከዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። ዘሩ በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ይታወቃል፤ ይህም እንደ መንዝ ባለ ዳገትና ቁልቁለት ለሚውል ውሻ ከባድ ነው። ብርዱን በተመለከተ ሥጋት የለኝም፤ ድርብ ጸጉር ስላለው ይችለዋል። ልጅዎ ራሱ አጥር ያለው ግቢ ካለውና በየቀኑ ወጥቶ የሚያሠለጥነው ከሆነ ግን ለእሱ ጥሩ ጓደኛ ይሆነዋል። ከከተማ ዳር ወተት ላም ወይም ዶሮ ለሚያረባ፣ ግቢው ለታጠረ ሰውም እመክረዋለሁ።

በቱርክ ካንጋል የሚባል፣ ለመንጋ ጥበቃ የተፈጠረ ግዙፍ ውሻ አለ። ናሚቢያ ውስጥ አቦሸማኔ የሚያድን ድርጅት ከ1994 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእሱን የቅርብ ዘመድ የአናቶሊያን ጠባቂ ውሻ ለአርቢዎች ሲያድል ቆይቷል። ጎረቤቷ ቦትስዋና ግን ጽዋና የሚባለውን የራሷን የገጠር ውሻ ከቡችላነቱ ከፍየልና ከበግ ጋር እያሳደገች ለዚሁ ሥራ ትጠቀምበታለች። የእኛ የደጋ ውሻም ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። የጎደለው አስተዳደግ ነው።

ስለዚህ ወደ ጎረቤትዎ ሲሄዱ ቡችሎቹን ከማየትዎ በፊት እናቲቱን ይዩ። በግ አጠገቧ ሲያልፍ ምን ታደርጋለች? የቤቱ ልጆች ሲቀርቧት ጆሮዋን ታጥፋለች ወይስ ከንፈሯን ትሰበስባለች? በግ አይታ ምራቋን የምትውጥ እናት ልጅ አይውሰዱ። እናቲቱ ካማረችዎት ቡችሎቹ መካከል ይቀመጡ። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውንና ሱሪዎን ይዞ አልለቅም የሚለውን ሁለቱንም ይተዉ። መጥቶ አሽትቶዎት ወደ ጨዋታው የሚመለሰውን ያንሡና በጀርባው አስተኝተው እጅዎን ደረቱ ላይ ያሳርፉ። ጥቂት ተንፈራግጦ ጸጥ ካለ የሚፈልጉት እሱ ነው። ወንድ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሴቷ በዓመት ሁለቴ ገደማ ስትፈልግ የአገሩን ውሻ ሁሉ ግቢዎ ትሰበስባለች፣ ንክሻውም በሽታውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ወንዱን ዓመት ሲሞላው የእንስሳት ክሊኒክ ወስደው ያስኮላሹት፤ ጥበቃውን አይተውም፣ መዞሩን ይቀንሳል።

ከእናቱ የሚለየው ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው፤ ከዚያ አይቅደም፣ ብዙም አይዘግይ። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ቡችላ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ይማራል። በዚያ ወቅት ከበግ ጋር ከኖረ በግን ቤተሰቡ ያደርጋል፤ ከምድጃ ዳር ከኖረ ደግሞ የምድጃ ዳር ውሻ ይሆናል። ቡችላውን ከማይወጉ ሁለት ሦስት ረጋ ያሉ በጎች ጋር በጉረኖው ጥግ ያኑሩት፤ በጎቹ ሲያስቸግሩት ሾልኮ የሚገባባት ጠባብ ጓዳ በእንጨት ይሥሩለት። ምግቡንም እዚያው ይስጡት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ።

ለልጅ ልጅዎ ሲባል በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ሰው ይደባብሰው፣ እሷም በእርስዎ እጅ ሥር ሆና ትዳስሰው። ከዚህ በኋላ ግን ሲበላና ሲተኛ እንዳትነካው ያስተምሯት፤ ከእሱ ጋርም ለብቻዋ አይተዉአት። ሕፃናትን የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የቤታቸው ውሻ ነው። ቀን ከሌት የታሰረ ውሻ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ጆሮውንም አያስቆርጡት፤ ኃይለኛ ያደርገዋል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ቁስልና ሥቃይ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ ግልገል ጆሮ መጎተት፣ አብሮ መሯሯጥ ሊጀምር ነው። ይህ ጨዋታ ነው፤ ቢሆንም ወዲያው በቁጣ ድምፅ ያቋርጡት፣ ዱላ አያንሡበት። ካልተወ ከአንገት ማሰሪያው ላይ ከፊት ጉልበቱ ጋር የምትጋጭ አጭር ዘንግ ያንጠልጥሉበት፤ መራመድ ይችላል፣ መሮጥ ግን ያስቸግረዋል። ሙሉ ጠባቂ የሚሆነው ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ እረኛው ልጅ ከመንጋው አይለይ።

ስለ ጅቡ አንድ ነገር ልበል። የትኛውም ውሻ፣ ካንጋልም ቢሆን፣ ብቻውን ከጅብ መንጋ ጋር እንዲታገል አይጠበቅበትም። ጅብ ውሻ ይበላል፤ የታሰረ ውሻ ከሆነማ የቀረበ እራት ነው። የውሻው ድርሻ ቀድሞ ሰምቶ እርስዎን መቀስቀስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የሚደርሰው ቤት ውስጥ ተዘግቶ ለሚያድር ውሻ ነው። ሌሊት ሳይታሰር ከበጎቹ ጋር በጉረኖው ውስጥ ይደር፤ ካቡም ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ላዩ እሾህ ይጫንበት። ያፈረሰውን ቦታ በትላልቅ ድንጋይ ከሥር ጀምረው ይካቡት፤ ጅብ የሚመለሰው አንድ ጊዜ በቀናው በር ነው።

ግልገሎቹን በቀን የወሰደው ምን እንደሆነ አልጻፉልኝም። ግራጫና ቢጫማ ሆኖ ቀልጣፋ ከነበረ የአፍሪካ ተኩላ የሚባለው ነው፤ ግልገል ይወስዳል። እግረ ረጅሙ፣ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ የሆነው ቀይ ቀበሮ ግን በዋናነት የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ ነው። በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም 500 ገደማ የቀረ እንስሳ ነው፤ ጓሳ ከቀሩት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ከውሾች የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ውሻዎን ሲያስከትቡ እሱንም ይጠብቁታል።

አሁን ደግሞ እኔን ከዘሩ ምርጫ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በመንዝ በጎች ላይ አዙሪት ታውቃላችሁ። በጓ ከመንጋው ተለይታ፣ አንገቷን አጣምማ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትዞራለች፤ መጨረሻዋ መውደቅ ነው። እንዲህ ያለች በግ ስትታረድ ራስ ቅሏን ከፍታችሁ ካያችሁ አንጎሏ ውስጥ እንደ እንቁላል የሚያህል፣ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታገኛላችሁ። ከረጢቱን ወደ ብርሃን ሲይዙት ግድግዳው ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የተሰገሰጉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የኮሶ ትል ራስ ናት። ታዲያ ያ ጭንቅላት የት ይጣላል? ለውሻ። ውሻው ሆድ ውስጥ እያንዳንዷ ራስ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ትል ትሆናለች፤ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይፈስሳል፣ በጎቹ ይግጡታል፣ እንደገና አንጎል። በጎችን የሚጠብቅልዎ ውሻ በጎችን እንዲገድልብዎ የሚያደርገው የእኛ እጅ ነው። በጉበትና በሳንባ ላይ ያለው ውሃ የቋጠረ እባጭም እንዲሁ በውሻ በኩል ይዞራል፤ ያኛው ሰውንም ይይዛል፣ በተለይ ውሻ ዳስሳ እጇን ሳትታጠብ የምትበላ ሕፃን።

ስለዚህ በግ ሲታረድ፣ በተለይ በፋሲካና በገና፣ ጭንቅላት፣ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ አይሰጥ። ወይ ከአርባ ደቂቃ ያላነሰ ይቀቀል፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ወጥ የተነካካ እንጀራም ብዙ አይስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። አጓት፣ ቂጣና የተቀቀለ ሥጋ ትርፍራፊ ይስማማዋል። የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው። በየሁለት ወሩ ቢሰጥ ይመረጣል፣ ቢያንስ ግን ከሦስት ወር አይለፍ። በዋጠ ማግስት ለሁለት ቀን ዓይነ ምድሩን እየሰበሰቡ ይቅበሩ። ለበግ የምትሰጡት አልቤንዳዞል ለዚህ አስተማማኝ አይደለም።

የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጥ፣ በዓመቱ ይደገም፣ ከዚያም በየዓመቱ። ቤተሰብ ላይ ንክሻ ከደረሰ፣ የማን ውሻም ይሁን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥባችሁ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልም፤ ክትባቱ ግን አይቆይ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ላምዎ ምራቋን እያዝረበረበች፣ ያለልማዷ እያገሳች ብትቸገር ጉሮሮዋ ላይ ነገር ተሰንቅሮ ነው ብለው እጅዎን አፏ ውስጥ አይክተቱ፤ ቀድመው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ልጅዎ ለጀርመን ሸፐርዱ ያሰበውን ገንዘብ በሌላ መንገድ ያውልልዎት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በአውቶቡስ አይላክም፤ እሱን ከወረዳችሁ እንስሳት ክሊኒክ ታገኙታላችሁ። የፕራዚኳንቴሉን እንክብል ግን ለውሻ የሚሆነውን በእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቆ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ለፋሲካ ሲመጣ ይዞልዎት ይምጣ።