ስለ ውሻ ክትባት፣ ስለ ንክሻና ስለ ሰፈር ውሾች፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ውሾችን ከእብድ ውሻ በሽታ የምንከላከልበት የክትባት ዘመቻ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አንዱ ጥያቄ ግን ሰዓት የማይሰጥ ስለሆነ እሱን አስቀድማለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን የጎረቤት ውሻ እግሩ ላይ ነከሰችው። ብዙም አልደማም። ውሻዋን አውቃታለሁ፣ ጤነኛ ትመስላለች። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ንባቡን አቁሚና መጀመሪያ ቁስሉን እጠቢው። በሚፈስ ውሃና በሳሙና፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ልጁ ያለቅሳል፣ 15 ደቂቃውም አልገፋ ይላል፤ አታቋርጪ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚገባው በምራቅ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ያጠፋዋል። ቡናም፣ ቅባትም፣ ቅጠልም አታድርጊበት።

ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ። ነገ አይደለም። ጥርሱ ቆዳውን በስቶ ከሆነ፣ ደሙ ጠብታ ቢሆን እንኳ፣ ከባድ ከሚባለው ደረጃ ይመደባል። ክትባቱ ብቻ አይበቃውም፤ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ስለሱ ራስሽ ጠይቂ። ደም ያልወጣበት ትንሽ ጭረት ከሆነ ክትባቱ ይበቃል። ደህና ቆዳ ላይ የላሰ ውሻ ግን አያሰጋም።

ውሻዋን እንዳይገድሏት አደራ። ትታሰር፣ ትመገብ፣ ለ10 ቀን ትታይ። 10 ቀን ሙሉ ደህና ከሆነች፣ በነከሰችው ሰዓት ምራቋ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል። ከሞተች ወይም ጠባይዋ ከተለወጠ ወዲያው ንገሩን። ልጁ ግን እስከዚያ አይጠብቅ፣ ክትባቱን ይጀምር።

ጥያቄ፦ ድሮ ሆድ ላይ የሚወጋው ብዙ መርፌ አሁንም አለ? እሱን ፈርቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

እሱ ከእንስሳት አንጎል የሚሠራው የቀድሞው ክትባት ነው። አገራችንም ረጅም ጊዜ ተጠቅማበታለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይቅር ካለው ቆይቷል። ዘመናዊው ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፣ በ4 ወይም በ5 ቀጠሮ ያልቃል። ለዚያ ሰው ይህን ንገሩልኝ። ዘግይቶም ቢሆን ይሂድ፤ ምልክት እስካልታየበት ድረስ ጊዜ አለው።

ጥያቄ፦ ምልክት ካሳየ በኋላ መታከም አይቻልም?

አይቻልም ማለት ይቀላል። ውሃ መፍራት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት የሚያስደፍር ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጅበታል፣ ፊት ላይ ከነከሰ ግን መንገዱ ያጥራል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ደረጃ ከሚሞቱት 10 ሰዎች 4ቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ሲነከስ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ልጆቻችሁን «ውሻ ከነካህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሏቸው፤ ብላችሁም አትቆጡ።

ስለ ጸበልና ስለ ሐበሻ መድኃኒት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጸበሉን ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የክትባቱን ቀጠሮ ግን አንድም ቀን አታሳልፉ።

ጥያቄ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ውሾች ይከቡኛል። ወረዳው ለምን አያጠፋልንም?

አባቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ጎህ ሳይቀድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጋራው ስጋት ነው። ግድያው ግን ተሞክሯል። በከተማችን ውሻን በስትሪክኒን መርዝ መግደል ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ ነበር። መርዙ ጡንቻን እያኮማተረ፣ ትንፋሽ እያሳጠረ፣ እንስሳው ራሱን ሳይስት ነው የሚገድለው። በመንገድ ዳር ያየ ሰው አይረሳውም። ውጤቱስ? ውሾቹም በሽታውም ዛሬም አሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰፈር የሚችለው የውሻ ብዛት የሚወሰነው በሚገኘው ምግብ ነው። 20 ውሻ ቢገደል ምግቡ አልተነካም፤ ከጎረቤት ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፣ የተረፉትም ይወልዳሉ። የመጡት ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። አምና የከተብናቸው ውሾች አብረው ስላለቁ ሰፈሩ የተከተበ ውሻ አጥቶ ከነበረበት ይብስበታል። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት በ2008 በሽታው ሲገባባት ብዙ ውሻ ገደለች፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን አዳረሰ። ቁጥሩ በፍጥነት የወረደው ከ2010 ጀምሮ በጅምላ መከተብ ሲጀመር ነው። ሜክሲኮ በ1990፣ 60 ሰው በውሻ ንክሻ በመጣ የእብድ ውሻ በሽታ አጥታ ነበር። ነጻ የውሻ ክትባት ዘመቻውን ሳታቋርጥ ቀጠለች። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከውሻ ወደ ሰው መተላለፉ እንደቆመላት አረጋገጠላት፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች።

የሚፈለገው ከ10 ውሾች 7ቱን በየዓመቱ መከተብ ነው። 7ቱ ከተከተቡ በሽታው የሚይዘው ውሻ አጥቶ ይከስማል። ስለዚህ በርዎ ላይ የሚተኛው የተከተበ ውሻ፣ አባቴ፣ ለእርስዎም አጥር ነው። ለማለዳው ግን ከጎረቤት ጋር ተጠራርተው ይሂዱ። ከከበቡዎት አይሩጡ፤ ቆም ብለው፣ አይን አይናቸውን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው ይራቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤት የሌለውን ውሻ ማን ይዞት ነው የሚከተበው?

ባለቤት የሌለው የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላው ሰው አለው። የሕንፃ ጥበቃ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ እህት፣ ሥጋ ቤት የሚሠራ ልጅ። እኛ የሥራ ልብሳችንን ለብሰን ስንመጣ ከሩቅ የሚሸሽ ውሻ ለጥበቃው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። አንድ ሥጋ ቤት ጎን የነበረን ውሻ የከተብነው እንዲህ ነው። ጥበቃው ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጆሮውን ማሻሸት ጀመረ። እኔ ከኋላ ቆዳውን ሳብ አድርጌ ወጋሁት። ውሻው ዞር ብሎ አየኝና ተመልሶ ተኛ። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንለት፣ እንደተከተበ እንዲታወቅ። ያለዚያ ጥበቃ መረብ ይዘን ግማሽ ቀን እንሯሯጥ ነበር፣ መድኃኒቱም በበረዶ ሳጥን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ መቆየት አለበት።

እናንተም የምታበሉት የሰፈር ውሻ ካለ በክትባት ቀን እናንተው ይዛችሁት ኑ። ከእኛ ይልቅ እናንተን ያምናል።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ከላይ ያልኩት ምግብ እሱ ነው። የጽዳት ማኅበሩ ሳይመጣ ሌሊት ደጅ የሚወጣ ማዳበሪያ፣ ክዳን የሌለው ገንዳ፣ ሥጋ ቤቶች የሚጥሉት አጥንት። ክዳን መግጠም ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የውሻ ብዛትን በመቀነስ ግን ከመርዝ ይበልጣል።

በዓል ሲመጣ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ። በውስጡ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው በልቶት አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ካልታጠበ እጅና አትክልት ጋር ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበት ላይ ዓመታት ቆይቶ ያ ራሱ ከረጢት ይበቅላል፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት ቅበሩት።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ከግቢ አትወጣም። ትከተብ?

ትከተብ። በር አንዴ ክፍት ከቀረ በቂ ነው። በየዓመቱ ይደገም። ቡችሎችንም አምጡ።

ጥያቄ፦ ከባሌ ነኝ። ቀይ ቀበሮዎቻችንም በዚህ በሽታ ያልቃሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ከከብት ጋር ወደ ተራራው የሚወጡ ውሾች ያስይዟቸዋል። በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ በ2003ቱ በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛው ያህል አለቀ። በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። የእረኛ ውሻ ካለህ፣ ወንድሜ፣ ክትባቱ ለልጆችህም ለቀበሮውም ነው።

ጥያቄ፦ ለክትባት ቀን ምን ይዘን እንምጣ?

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፣ ከመስቀል ማግስት። የወረዳችሁን ቀን ግን ከከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ፤ ከዘመቻ ውጭም መጠየቅ ይቻላል። ውሻዋን በገመድ አስራችሁ፣ የአምናውን ካርድ ይዛችሁ ኑ። ገመዱን የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን። ብዙ ውሻ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ይጣላሉ፣ ልጅ ደግሞ መያዝ አይችልም። ተናካሽ ከሆነች ቀድማችሁ ንገሩን፣ ሰው ሳይበዛ በማለዳ እንቀበላታለን።