በጣሊያን ቪዛ ለንደን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ወንድሜ፣ በጣሊያን በተሰጠህ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ቪዛ ሮም ገብተህ፣ ለንደን እህትህ ጋ ሁለት ቀን አድረህ፣ በፓሪስ በኩል ወደ አገር ቤት መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። አይሆንም፤ እባክህ ያንን ቲኬት እንዳትቆርጥ።

እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፣ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። እሱ ቢኖርህ እንኳ ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ፓስፖርትህ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ እየው፤ የመግቢያ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «01» ካለ አንዴ ከወጣህ አበቃ፣ ቀን ቢተርፍህም አያስገቡህም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ስለወሰነ ያንተም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ውሳኔ ዘመድ ጠያቂውን ሁሉ የጎዳ ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

አየርላንድም የኅብረቱ አባል ሆና ሸንገን ውስጥ የለችም። ስዊዘርላንድ ግን አባል ሳትሆን በያዝከው ቪዛ ያስገባሃል።

እህትህ የእንግሊዝ ፓስፖርት ካላት እሷ ፓሪስ ትምጣ፣ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋትም። አንተ ከሮም ፓሪስ ያለ ሌላ ቪዛ ትሄዳለህ። በባሕሩ ዳርቻ በባቡር ከሄድክ ግን ፓስፖርትህን ከእጅህ አትለይ፤ ከጣሊያኗ የድንበር ከተማ ከቬንቲሚሊያ እንዳለፍክ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሜንቶን ላይ የፈረንሳይ ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገብተው ይፈትሻሉ።

ቪዛው የፈቀደልህን ቀን ስትቆጥር የገባህበትም የወጣህበትም ቀን እንደሚታሰብ አትርሳ። ጣሊያን ውስጥ የአካባቢ ባቡር የወረቀት ቲኬት ከገዛህ ደግሞ ሳትሳፈር ጣቢያው ባለው ማሽን አስመታው፣ አለዚያ ትቀጣለህ።