የድሮ የስቱዲዮ ጆሮ ማዳመጫዎችን ስለ ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

ያረጁ የስቱዲዮ ጆሮ ማዳመጫዎችን እየፈቱ ማደስን የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ካደረግሁ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ካዳንኋቸው ሌላ በገዛ እጄ ያበላሸኋቸውም አሉ፤ ከታች የምሰጣቸው ምክሮች ይበልጡን የተገኙት ከእነዚያው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ካቻቢቴ ይዤ አላውቅም ማለት እችላለሁ። በየትኛው ጆሮ ማዳመጫ ብጀምር ይሻለኛል?

መልስ፦ መለዋወጫው ዛሬም በሚገኝለት ይጀምሩ። የባየርዳይናሚክ ዲቲ 100 በብሮድካስት ቤቶች የቆየው በድምፁ ውበት ሳይሆን ገመዱም፣ ትራሱም፣ ድምፅ ማመንጫውም ለየብቻ ተነቅሎ የሚተካ ስለሆነ ነው፤ ድምፁን እንኳ ብዙም አልወደውም። ለጆሮም ለእጅም የሚመች ከፈለጉ በ1985 የወጣውን የሶኒ ኤምዲአር ቪ6 እመክርዎታለሁ። በ1991 የተከተለው 7506 የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ የአንዱ ትራስ ለሌላው ይሆናል። በ1937 በርሊን ውስጥ የተሠራውን ዲቲ 48 የመሰለ ታሪካዊ ዕቃ ግን እጅዎ እስኪፈታ ድረስ ባይነኩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤኬጂ ኬ 240 ሴክስቴት ገዝቼ ከስልኬ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ ችግሩ ያለው ስልኩ ላይ ነው። ሴክስቴት የ600 ኦም ዕቃ ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ ነው። ስልክዎ ግማሽ ቮልት ያወጣል ብንል፣ ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለኦሙ ስናካፍለው ለ600 ኦም የሚደርሰው ኃይል 0.42 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል፤ ያው ግማሽ ቮልት ለዘመናዊ የ32 ኦም ጆሮ ማዳመጫ 7.8 ሚሊዋት ይሰጣል። ልዩነቱ ወደ 19 እጥፍ ይጠጋል። ይህ የንድፍ ስሕተት አይደለም። የስቱዲዮና የስልክ መስመሮች በ600 ኦም ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ መስመር ላይ አንድ ሚሊዋት ማለት 0.775 ቮልት ማለት ነበር፤ የድምፅ ባለሙያዎች ዛሬም በመለኪያነት የሚጠቅሱት ይህ ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ያሉ አራት የ600 ኦም ጆሮ ማዳመጫዎችን በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ቢሰኩ እንኳ ጭነቱ 150 ኦም ስለሚሆን መሣሪያው አይጨነቅም። ስለዚህ ዕቃውን ከመፍታትዎ በፊት በቂ ቮልት ከሚያወጣ አምፕሊፋየር ጋር ይሞክሩት። የድሮ ቴፕ ወይም ሪሲቨር ያለው ጎረቤት ካለዎት አምፕሊፋየር መግዛትም አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ የጆሮው ትራስ እየተፈረፈረ ጆሮዬንና አንገቴን ያጠቁረዋል። ወፍራሙ ድምፅም ጠፍቷል። ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ?

መልስ፦ ይገናኛሉ፤ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት የምሰጠውም ለዚህኛው ነው። ሰው ሠራሹ ቆዳም ሆነ በውስጡ ያለው ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው። ይህ ነገር ከአየሩ እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ይፈራርሳል፤ ሳይነካ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም ከዚህ አያመልጥም። ዝግ በሆነ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ የሚቆየው በትራሱና በጭንቅላትዎ መካከል ያለው አየር እንዳይሾልክ ሲታፈን ነው። ትራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሟሽሽ ግፊቱ ያመልጣል፤ በዚያ ላይ ጆሮዎ ወደ ድምፅ ማመንጫው ስለሚቀርብ ቀጭኑ ድምፅ ይሾላል። ብዙ ሰው «አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ደርቋል» ብሎ የሚተወው ጆሮ ማዳመጫ አዲስ ትራስ ሲገባለት የሚድነው ለዚህ ነው።

ሲያጸዱ ፍርፋሪው ወደ ድምፅ ማመንጫው እንዳይገባ የማዳመጫውን ጆሮ ወደ ታች ደፍተው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። የታመቀ አየር አይንፉበት፤ በአቧራ መጥረጊያ ማሽንም አይሳቡት፤ ዲያፍራሙ፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን፣ በቀላሉ ይጎደጉዳል። ለፕላስቲኩ ለብ ያለ የሳሙና ውኃ ያረጠበው ጨርቅ ይበቃዋል፤ አልኮል የታተሙትን ፊደሎች ሊያነሣቸው ይችላል። አዲስ ትራስ ሲገዙ ደግሞ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አይርኩ። ለምሳሌ በቪ6 ላይ የባየርዳይናሚክ ዲቲ 250 የከፋይ ትራስ የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ምቾቱ ግሩም ነው፣ ድምፁ ግን ከመጀመሪያው ይለያል። ያንን አውቆ መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ «አድሼዋለሁ» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የቀኙ ጎን ጸጥ ብሏል። አዲስ ድምፅ ማመንጫ ልዘዝ?

መልስ፦ ገና ነው። በመጀመሪያ ገመዱን ጃኩ አጠገብና ወደ ጆሮው በሚገባበት ቦታ ላይ እያጠፉ ያዳምጡ፤ ድምፁ ሄድ መለስ ካለ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። በቪ6 ዓይነቶች ላይ ደግሞ ከጆሮው ወደ ራስ ማሰሪያው የሚሻገረውን ቀጭን ሽቦ ይመርምሩ። ከዚያ ጆሮውን ከፍተው የቴስተሩን ጫፎች በቀጥታ በድምፅ ማመንጫው ሁለት መገናኛዎች ላይ ያሳርፉ። ከተጻፈበት ኦም ጋር የተቀራረበ ቁጥር ካነበበና ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ድምፅ ማመንጫው በሕይወት አለ፤ ምንም ካላነበበ ኮይሉ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ፣ ተቆርጧል። ጤነኛውን ጎን አስቀድመው ለክተው ቢያነጻጽሩ አይሳሳቱም።

ብየዳው ትዕግሥት ይጠይቃል። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ በብዛት በቫርኒሽ የተለበጡ የጸጉር ያህል ክሮች የተጠቀለሉበት ስለሆነ፣ ቫርኒሹ በጋለ ሊድ (ቀልጦ ሽቦ በሚያጣብቀው የብየዳ ብረት) ተቃጥሎ ካልተነሣ የተበየደ መስሎ ሳይገናኝ ይቀራል። ስለዚህ የሽቦውን ጫፍ ለብቻው ሊድ ያስለብሱት፤ በድምፅ ማመንጫው መገናኛ ላይ ግን ካውያውን ከሁለት ሰከንድ በላይ አያቆዩ፣ የያዘው ፕላስቲክ ይቀልጣልና። 63 በ37 የሆነው የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሥራውን ያቀልልዎታል፤ መስኮት መክፈትዎንና በኋላ እጅዎን መታጠብዎን ግን አይርሱ። ካቻቢቴውንም አጥብቀው ይያዙ። ማግኔቱ ከእጄ መንጭቆ ዲያፍራሙን ያስበሳብኝ ጊዜ አለ፤ የዚያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም።

ጥያቄ፦ ዘፋኙ ዝቅ ያለ ኖታ ሲያዜም በግራ በኩል እንደ ዝንብ ይንዘዛል።

መልስ፦ ጸጉር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድ የራስ ጸጉር በመከለያው ቀዳዳ ሾልኮ ዲያፍራሙን ከነካ በትክክል እንደዚያ ይንዘዛል። ትራሱን አውልቀው፣ በጥሩ ብርሃን ፈልገው በፕላስቲክ ወረንጦ ይሳቡት።

ጥያቄ፦ ማደሱን ለምጃለሁ፤ አሁን ድምፁን መቀየር እፈልጋለሁ። ምን ላይ ልሞክር?

መልስ፦ ለዚህ የፎስቴክስ ቲ50 አርፒን የሚያህል አላውቅም። እንደተለመደው በዲያፍራም ጀርባ ላይ የተጣበቀ ጥቅል ሽቦ የለውም፤ ሽቦው በራሱ በጠፍጣፋው ዲያፍራም ላይ ተዘርግቶ ቀዳዳ ባላቸው ማግኔቶች መካከል ይንቀጠቀጣል። ያማሃም በ1976 ማሪዮ ቤሊኒ ቅርጹን በነደፈለት ኤችፒ 1 ላይ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነበር። እንዲህ ያለው ድምፅ ማመንጫ ከጀርባው ያለው አየር እንዴት እንደታፈነ በግልጽ ስለሚናገር፣ ቁራጭ ሱፍ ወይም ጥቂት ጥጥ ብቻ ጠባዩን ይለውጠዋል። ጥጥ ሲጨምሩ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባው ድምፅ ይረጋል፤ ሲያበዙት ግን ሕይወቱ ይጠፋል። የፕላስቲኩን ግድግዳ በማይደርቅ የቅርጽ መሥሪያ ጭቃ (ፕላስቲሲን) ማክበድም የተለመደ ነው፤ ክብደቱ አንገት ላይ እንደሚያርፍ ግን አስቀድመው ያስቡበት።

የምጠብቀው ደንብ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፣ የለወጥሁትንም በግራምና በሚሊሜትር እጽፋለሁ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልተሞሉ ጆሮ ወዲያው ይታዘባል። ሊመለስ የማይችል ሥራ፣ ማለትም መብሳት፣ መቁረጥ፣ በሙጫ ማጣበቅ፣ ብርቅ በሆነ ዕቃ ላይ አልሠራም። ቲ50 አርፒ በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ ቢበሳም አልቆጭም፤ ኤችፒ 1 ላይ ግን መሰርሰሪያ የሚያነሣ ሰው ሳይ ያመኛል።

ጥያቄ፦ አዲስ ድምፅ ማመንጫ ለመቶ ሰዓት ካልተጫወተ «አይፈታም» ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በእኔ ልምድ የሚፈታው ትራሱ ነው፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ስለሚሟሽሽ ጆሮዎ ይቀርባል፣ ድምፁም ይለወጣል። የቀረውን የሚለምደው የአድማጩ ጆሮ ነው።

ጥያቄ፦ ጨርሰው ሲገጣጥሙ መጀመሪያ የሚሰሙት ምንድን ነው?

መልስ፦ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበትን የሞኖ ቅጂ፣ ማለትም በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማውን። ማሲንቆ መካከለኛውን የድምፅ ክልል ሳይምር ይፈትናል፤ ኬ 240 በዚህ በኩል ተወዳዳሪ የለውም እላለሁ፣ ዲቲ 990 ግን ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጎላ ከዘፈኑ ይልቅ የቴፑን ሹክሹክታ ያሰማኛል። ሞኖ የምመርጠው ደግሞ ድምፁ በትክክል በግንባሬ መካከል መቆም ስላለበት ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጆሮ ማዳመጫውን አዙሬ አደርገዋለሁ፤ ዝንባሌው አብሮ ከዞረ አንዱ ጎን ትራሱ በደንብ አልተቀመጠም ወይም ሱፉ አንሷል ማለት ስለሆነ፣ ካቻቢቴዬን አንሥቼ እንደገና እከፍተዋለሁ።