መልስ፦ የቀይ ሥር ቀለም ዱቄት ለምን ይለወጣል?

ወንድሜ፣ የቀይ ሥር ዱቄትህ መደርደሪያ ላይ ቡናማ እየሆነ ስላስቸገረህ ማይክሮኢንካፕሱሌሽን (ቀለሙን በጥቃቅን ሽፋን መጠቅለል) ያድነው እንደሆነ ጠይቀሃል። ያግዘዋል፤ ግን ምን ላይ እንደምትጠቀመው ይወስነዋል። ቤታኒን የሚባለውን ቀይ ቀለም ሙቀት፣ ብርሃን፣ ኦክስጅንና እርጥበት ያበላሹታል። ጭማቂውን ከማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ዱቄት) ወይም ከግራር ሙጫ ጋር አዋህደህ በስፕሬይ ድራየር (ፈሳሹን እንደ ጠብታ ረጭቶ በሞቃት አየር በሚያደርቅ ማሽን) ስታደርቀው፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ቀለሙን ውስጧ ትይዘዋለች። የሚገባው አየር 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም አትደንግጥ፤ ውሃው ሲተን ጠብታዋን ያቀዘቅዛታል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ሽፋኖች፣ ማልቶዴክስትሪኑም ሙጫውም፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ስለዚህ ለደረቅ ጁስ ዱቄት አሪፍ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ለሚከርም ጁስ ግን ብዙም አይፈይድህም። ዱቄቱንም ብርሃንና እርጥበት በማያስገባ ከረጢት አሽገው። ከጓጎለ ሽፋኑ አለቀለት ማለት ነው። ለኬክ ከሆነ የምድጃው ሙቀት ቀለሙን ስለሚያበላሸው ሊጡን ተወውና ክሬሙ ላይ አድርገው።