ቀለሃው ይብለጭልጭ ወይስ ይድረቅ?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ጥይት ቤታችሁ መልሳችሁ የምትሞሉ ካላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ቢጽፍ ነው ብዬ ነበር። ለካ አሜሪካ ያለው አበሻ ጋራዡን ዘግቶ ብዙ ነገር ይሠራል! ከመጡት ደብዳቤዎች ስለ ቀለሃ እጥበት የሚጠይቁትን ለዚህ ወር ለየሁ። አንዷ ደብዳቤ ግን ከእጥበትም በላይ ናት፤ እሷን ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ በአጭሩ። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ የናሱ ቀለሃ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ከጥይቱ ውዱ ክፍል እሱ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ደጋግሞ ይሞላል። ከመሞላቱ በፊት ጥላሸቱ መልቀቅ አለበት። በውሃ የሚያጥብ ሰው ታምብለር የሚባል እንደ ትንሽ በርሜል የሚሽከረከር ዕቃ አለው። ቀለሃው፣ ውሃው፣ ሳሙናውና ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ፒኖች እዚያ ውስጥ አብረው ይንከባለላሉ። ፒኖቹ ርዝመታቸው 6 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጨርቅና ብሩሽ የማይደርስበት ሁሉ ገብተው ይፍቃሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የ9 ሚሊሜትር (የሽጉጥ) እና የ308 (የጠብመንጃ) ቀለሃ አጥባለሁ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ባዞረውም ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ነው የሚወጣው፣ አንዳንዴም ግራጫ ይሆናል። ሳሙና ቀየርኩ፣ ፒን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ታምብለሩን ልቀይር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ታምብለርህ ምን አጠፋ! ያስቸገረህ ውሃህ ነው። የናንተ ውሃ አብዛኛው ከሚድ ሐይቅ፣ ማለትም ከኮሎራዶ ወንዝ ነው የሚመጣው፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። የሻይ ማፍያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ ቀለሃህ ላይ ያለውም እሱ ነው። ሳሙና ብቻውን እንዲህ ካለ ውሃ ጋር ሲገናኝ ግራጫ ዝቃጭ ይሠራል። ሲትሪክ አሲድ ትንሽ ጨምርበት። ሎሚን ሎሚ የሚያሰኘው አሲድ እሱ ነው።

እኔ የምጠቀመው ልክ ይኸውልህ። በ15 ፓውንድ ታምብለር 5 ፓውንድ ፒን፣ 2 ፓውንድ ቀለሃ፣ አንድ ጋሎን የሚጠጋ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ። ሩብ ነው ያልኩት! 2 ፓውንድ ማለት የ9 ሚሊሜትር ከሆነ 230 ገደማ ቀለሃ ነው፣ የ308 ከሆነ ግን 80 ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ አትጠቅጥቀው፣ መንከባለያ ቦታ ያጣል። ሲያልቅ በቧንቧ ውሃ ደህና አድርገህ አለቅልቀውና የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ከሱቅ በጋሎን በሚሸጠው ዲስትልድ (በትነት የተጣራ) ውሃ አድርገው። ነጠብጣቡ ያኔ ይጠፋል።

አራት ሰዓቱን ደግሞ ተወው። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቀለሃዎቹ እርስ በርስ መቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ አፋቸው ይደፈጠጣል። እኔ አንዴ ማታ ከፍቼው እንቅልፍ ወስዶኝ ጠዋት ስነሳ የሁሉም አፍ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ያን ሁሉ ከንፈር በእጄ ስሞርድ ዋልኩ።

ፕራይመሩን፣ ማለትም ቂጡ ላይ ያለችውን የእሳት መለኮሻ፣ ሳታጥበው በፊት አውጣው። ጉድጓዱም ይጸዳል፣ ቀለሃውም ቶሎ ይደርቃል። ከታጠበ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን በብርሃን ውስጡን እየው። 308 አንገቱ ጠባብ ነው፣ ፒን ተቀርቅሮበት ይቀራል። አንዲት ፒን ከባሩድ ጋር ተሞልታ በጠብመንጃህ አፈሙዝ ስትወጣ አስበው።

አሁን ወዳልጠየቅከኝ ነገር ልምጣ። ስለ ነጠብጣብ እንጂ ስለ ማድረቅ አንድ ቃል አልጻፍክም። ነጠብጣብ ያለበት ቀለሃ ይተኮሳል፣ ውሃ ያለበት ግን ጉድ ይሠራል። ይህን የተማርኩት ራሴ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ የጥይት ድምፅ ጠብቄ «ፍስስ» የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሽጉጡም እንደ ወትሮው አልረገጠም። ጣቴ ቀጣዩን ሊስብ ነበር፣ አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ ፈረንጅ «ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። ፈተን ስናየው አረሩ አፈሙዙ መሃል ተቀርቅሯል። ቀጣዩን ብተኩስ ኖሮ ሽጉጡ እጄ ላይ ነበር የሚፈነዳው። ምክንያቱን ሳስብ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ እነዚያን ቀለሃዎች የሞላሁት ባጠብኩ ማግስት ነው፣ ባሩዱ እርጥበት ጠጥቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ በወፍራም ፎጣ አንከባለው፣ ቀጥሎ የቬጋስ ፀሐይ አለችልህ፣ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ዘርግተህ ተዋት። ክረምት ላይ የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን ግዛ፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን። በችቦ እሳት ወይም በሚያቃጥል ምድጃ ለማድረቅ እንዳትሞክር። ናስ ወደ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። የ308 ቀለሃ ቂጥ እስከ 62,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚደርስ ግፊት የሚችለው ጠንካራ ስለሆነ ነው፣ ካለሰለስከው ያ ሁሉ ግፊት ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፈው ከአውሮራ ኮሎራዶ ነው። ጥያቄው የኔ ሳይሆን የባለቤቴ መሆን ነበረበት፣ እሱ ግን አይጠይቅም። ቀለሃውን የሚያጥበው በማዕድ ቤቱ ሲንክ ነው። ፓስታ በማጠልበት ማጥለያ ያጠለዋል፣ በኔ ትሪ ኦቨን ውስጥ ያደርቀዋል። ውሃው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለን፣ እኔም የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። «ሳሙና እኮ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ» ይለኛል። እውነት አካብጄ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አላካበድሽም። እንዲያውም ዘግይተሻል። ይህን ለሱ አንብቢለት፣ ወይም ገጹን ቀደሽ ታምብለሩ ላይ ለጥፊለት።

ስማኝ ወንድሜ። ያ ጥቁር ውሃ ጥላሸት ብቻ አይደለም። አብዛኛው ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ ውሁድ አለ፤ እርሳስ ስልህ ብረቱን ማለቴ ነው፣ ሊድ የሚሉትን። ሲተኮስ ቀለሃው ውስጥ ይቀራል። በደረቅ፣ በበቆሎ ቆሮቆንዳ ፍርፋሪ የሚያጸዱት ሰዎች አቧራውን ይተነፍሱታል። በውሃ ማጠብ ጥሩነቱ አቧራ የለውም፣ ግን እርሳሱ የትም አልሄደም፣ ውሃው ውስጥ ነው። ያን ውሃ ሰላጣ በምታጥቡበት ሲንክ ደፋኸው ማለት ነው።

ለትልቅ ሰውም ጥሩ አይደለም፣ ለልጅ ግን ሌላ ነው። ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ወለል ላይ ይጫወታል፣ አእምሮው ገና እያደገ ነው። ለልጅ «ይህን ያህል እርሳስ ምንም አያደርግም» የሚባል መጠን አልተገኘም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ ሐኪም ትኩረት እንዲሰጠው የሚለው የደም መጠን በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው፣ ከዚያ በፊት 5 ነበር። እርሳስ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከእናት ደምም ወደ ፅንስ ያልፋል።

ስለዚህ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ልጁን ሐኪሙ ጋ ውሰጂና «የእርሳስ የደም ምርመራ» በይ፣ ምክንያቱንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ለራስሽም ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። ብዙ ጊዜ ውጤቱ ደህና ይሆናል፣ ግን አይቶ ማረፍ ይሻላል። ማጥለያውና ትሪው ከዛሬ ጀምሮ የሱ ናቸው፣ ጋራዥ ይግቡ፣ ወደ ምግብ አይመለሱም። ሲንኩንና ጠረጴዛውን በሳሙና ውሃና በሚጣል ወረቀት ጥረጉት። በደረቁ አትጥረጉት።

አንተ ደግሞ ጓንት አድርግ። ስትጨርስ እጅህን በሳሙናና በውሃ ታጠብ፣ የእጅ ሳኒታይዘር እርሳስ አያነሳም። የሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ጫማህ ደጅ ይደር፣ ልብስህ ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። ውሃውን ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅምና የካውንቲያችሁን የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ደውለህ ጠይቅ፣ እንደ አሮጌ ቀለም ይቀበሉሃል። አበባ ሥር ደፍተህ «ተገላገልኩ» እንዳትል፣ አፈሩ ላይ ይቀራል፣ ልጁም እዚያው ነው የሚጫወተው።

ስፖርቱን ተው አላልኩህም። ማዕድ ቤቱን ልቀቅ ነው ያልኩህ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነኝ። ታምብለር ስለሌለኝ ቀለሃውን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ያምራል ግን ደኅና ነው?

መልስ፦ ያማረው ለክፉ ነው። የቀለሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። አሲድ ብዙ ሲቆይበት ዚንኩን ይበላና መዳቡን ይተዋል፣ ሮዙ የመዳቡ ቀለም ነው። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነክሮ ትንሽ የቀላ ሌላ ነገር ነው፣ ሌሊቱን ያደረውን ግን እኔ አልተኩሰውም። ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛ ሽጠው። ታምብለር ከሌለህ በሙቅ ውሃ፣ በዕቃ ሳሙናና በቁንጥር ሲትሪክ አሲድ አሥር ደቂቃ እያማሰልክ አለቅልቀው። አይብለጨለጭም፣ ይጸዳል፣ ለመተኮስ ደግሞ ያ ይበቃል።

ቀጥለህ አሞኒያ እንዳትሞክር ብዬ ልቅደምህ፣ ምክንያቱም የመስታወት ማጽጃም፣ አንዳንድ የናስ መወልወያም ውስጥ አሞኒያ አለ። አሞኒያ ናስን ይሰነጥቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ዝናቡ እስኪያልፍ ጥይቱን የፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ወቅቱ ሲያልፍ ቀለሃዎቹ ተሰንጥቀው ይገኛሉ። ማን ሰነጠቃቸው? ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነበር፣ ይህም በቅጡ የተብራራው በ1921 ነው። የፈረስ ሽንት ያደረገውን አንተ ከሱፐርማርኬት ገዝተህ እንዳታደርገው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ። ከሬንጁ ወለል ከለቀምኩት ቀለሃ ፕራይመር ሳወጣ የማሽኑ መርፌ ሁለቴ ተሰበረብኝ። ለምን?

መልስ፦ በርዳን የሚባለው የቀለሃ ዓይነት ገጥሞህ ነው። በባትሪ ውስጡን እየው፣ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው ቦክሰር ነው፣ ይሠራልሃል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካሉት በርዳን ነው፣ ጣለው። የሚያስቀው፣ በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ። ዛሬ አሜሪካ በእንግሊዛዊው ትሠራለች፣ የሩሲያና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ደግሞ ብዙው በአሜሪካዊው። ማግኔትም ያዝ። የክላሽ ጥይት ቀለሃ ብዙ ጊዜ ብረት ነው፣ አንዳንዱ መዳብ ስለተቀባ ናስ ይመስላል፣ ታምብለር ውስጥ ይዝጋል። ከወለል በለቀምከው መሃል ያልተተኮሰ ጥይት አለመኖሩንም አንድ በአንድ እይ፣ እኔ ባልዲዬ ውስጥ አንዴ አግኝቻለሁ። እና ከመልቀምህ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቅ፣ ቀለሃውን ራሳቸው የሚሸጡ ሬንጆች አሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። እኔ ጥይት አልሞላም ልጄ፣ ዕድሜዬም ለዚያ አይደለም። አባቴ ያስቀመጡት የጣሊያን ጊዜ ትልቅ የመድፍ ቀለሃ አለኝ፣ ሳሎን አበባ አደርግበታለሁ። ጠቁሯል። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ እማማ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን ቂጡን ገልብጠው ይዩልኝ። መሃል ላይ ያለችው ክብ የተመታችበት ጉድጓድ ከሌላት፣ ወይም ውስጡ የተደፈነ ነገር ካለ፣ አይንኩት። አይምቱት፣ እሳትም አያስጠጉት፣ ለፖሊስ ይንገሩና እነሱ ይዩት።

ባዶና የተተኮሰ ከሆነ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ ከዚያ ግማሽ ሎሚ ጨው ነክተው ቀስ ብለው ይሹት። አያቴ በሎሚና በአመድ ነበር የምትፈትገው፣ አመዱ ግን ይጭረዋል፣ ጽሑፍ ካለበት ያጠፋዋል። ብዙ ሳይቆይ ሎሚውን በውሃ ያስለቅቁትና ወዲያው በጨርቅ ያድርቁት። ቂጡ ላይ የተቀረጹ ቁጥሮች ይኖራሉ፣ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ከነሱ ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ቂጡን እንደጠቆረ እተወው ነበር። አበባውን ደግሞ በብርጭቆ ውሃ አድርገው ብርጭቆውን ወደ ውስጥ ይክተቱት፣ ውሃው ናሱን አይንካው።