«ጣራችን ላይ የሚጮኸው ምንድን ነው?»፦ ስለ ግቢ ወፎች ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለች ጠባብ ግቢዬ ወፎችን እያየሁ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። ሰሞኑን «ስለ ግቢያችሁ ወፎች ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመጡልኝ መካከል ጥቂቶቹ እነሆ።

ማለዳ ማለዳ ጣራችን ላይ የሚያሽካካ ትልቅ ወፍ አለ። ምንድን ነው? እንዴትስ ላባርረው?

ጋጋኖ ነው። ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይበት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ሣርዎን የሚወጋጋውም ትልና የነፍሳት እጭ ፍለጋ ነው፤ አትክልተኛ ቢቀጥሩ ይህን በነጻ አይሠራልዎትም። ስለ ማባረሩ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላግዝዎትም።

ረጅም ጭራ ያለው ጥቁር ወፍ የመኪናዬን መስታወት ሲወጋ ሳምንት አለፈው። አብዶ ይሆን?

አላበደም፣ ቀንቷል። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሌላ ወንድ መስሎት ከግዛቱ ሊያባርረው ይታገላል። መኪናውን ሲያቆሙ መስታወቱን በጨርቅ ወይም በፌስታል ይሸፍኑት፤ ይተወዋል። ጥቁር የመሰለዎት ጥላ ውስጥ ስላዩት ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊና ነሐስማ ሆኖ ያብለጨልጫል። የአበባ ማር መጣጭ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም የተከዜን ወንዝ ስም ይዟል። እሬት ወይም ኮርች ቢተክሉ ሲያብብ ደጅዎ አይጠፋም።

የተረፈ እንጀራና ዳቦ ብበትንላቸውስ?

ጥቂት ፍርፋሪ አይገድላቸውም። ነገር ግን ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙም አይመግብም፤ ጨውና ወጥ የነካው ደግሞ ይጎዳቸዋል። ወተትማ ጨርሶ አይስጧቸው፣ አይፈጩትም። መስጠት ካማረዎት ለድንቢጦችና ለዋኖሶች አንድ እፍኝ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ጠዋት ይበትኑ። ማታ የተረፈ ካዩ በማግስቱ ይቀንሱ፤ አለበለዚያ የሚቀልቡት አይጥ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ግን ከእህሉ ውሃው ይበልጣል። በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ቧንቧውም ሰማዩም ሲደርቅ። አንድ በጋ ደግነት መስሎኝ ባልዲ ሞልቼ ዛፍ ሥር አስቀመጥሁ፤ በማግስቱ ድንቢጥ ሰጥማ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የማስቀምጠው ጎድጓዳ ያልሆነ የሸክላ ሳህን ነው፦ ውሃው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ መካከሉ ላይ የሚቆሙበት ሸካራ ድንጋይ አለ፣ በየቀኑ አጥቤ እቀይረዋለሁ። ድመት የምታደፍጥበት ቁጥቋጦ አጠገብ አያስቀምጡት።

ጫጩት መሬት ላይ ወድቃ አገኘሁ። የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። በመጀመሪያ ላባዋን ይዩ። ላባ ለብሳ ወዲያ ወዲህ የምትዘል ከሆነ አልወደቀችም፣ መብረር እየተማረች ነው፤ ወላጆቿ እዚያው ቅርብ ሆነው ያበሏታል። ድመቱን ቤት ይዝጉበትና ይራቁላት። ራቁቷን ከሆነች ግን ጎጆዋን ፈልገው ቀስ ብለው ይመልሷት። ውሃ በአፏ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ጉጉት ዛፋችን ላይ ይጮኻል፤ አያቴ ሟርት ነው ትላለች።

አያትህን አክብር፣ ጉጉቱንም ተወው። አይጥ ይበላልሃል። ብቻ የአይጥ መርዝ አታስቀምጥ፤ የተመረዘውን አይጥ ሲበላ እሱም ይሞታል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ ለሌለንስ?

መስኮትህ ላይ የምታርፈውን ርግብ ከነገ ጀምሮ ልብ ብለህ እያት። ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ካለባት፣ እሷም እንደ ጋጋኖ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። ከጥንት የምትኖረው ገደል ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅህም ለእሷ ገደል ነው።